እስቴዎችን ያበላንበት ቀን

ኮሌጃችን ዋንጫ ያነሳበትን ዓመት ሲያወሩ ሰዎች የአጥቂዎቻችንን ፍጥነት ያደንቃሉ። ያድንቁ። እኔ በረኛ ነበርኩ፤ ያን ዓመት ሙሉ የተጫወትኩት ለዋንጫውም ለኮሌጁም አልነበረም። በአንድ ሰው ላይ የያዝኩትን እልህ ለመወጣት ነበር። ሰውየው የእስቴ ቡድን አምበል ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ውድድር፣ እስቴዎች ከተማ መካነ ኢየሱስ ሄደን ስንጫወት ነው። በእኛ አገር እንግዳ ቡድን ሳይበላ ሜዳ አይገባም። እስቴዎች ዶሮ አርደው፣ ጠላ ጠምቀው ጠበቁን። አምበላቸው አጠገቤ ተቀመጠና ያጎርሰኝ ጀመር። "በሞቴ፣ ይችን ብቻ" አለኝ። ጎረስኩ። "አፈር ስሆን፣ ድገም" አለኝ። ደገምኩ። በሞቴ ተብሎ እምቢ የሚል ሰው እኛ ቤት አላደገም። የእነሱ ልጆች አንድ ሁለቴ ቆንጥረው እጃቸውን ሲሰበስቡ ከመካከላችን ልብ ያለ አልነበረም።

ከእረፍት በኋላ ቋሚውን ተደግፌ ሳስመልስ ኳሷ አጠገቤ አልፋ ገባች። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ያገባው ራሱ አምበሉ ነው። ሲመለስ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ "አይዞህ ወንድሜ፣ ጠላው ነው" አለኝ። ወደ ከተማችን ንፋስ መውጫ ከተመለስን በኋላ የክፍል ልጆች ባለፍኩ ቁጥር ጉሮሯቸውን ይዘው የማስመለስ ድምፅ ያሰሙ ነበር፤ ሴቶቹም ሳይቀሩ። አንጀቴ አረረ።

ቀጣዩ ዓመት የመጨረሻዬ ነበር። ሳልመልስለት ከተመረቅኩ ያ ሳቅ ዕድሜ ልኬን እንደሚከተለኝ አመንኩ። እንደ እብድ ሠራሁ። በዚያ ኮረኮንች መንገድ ተንገጫግጨን ወገዳ ደርሰን ስማዳዎችን ስናሸንፍ እንኳ ያስፈነደቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ ፍጻሜው ከእስቴ ጋር፣ ያውም እኛው ሜዳ ላይ ሆነ። በግ ይታረድላቸው ብዬ አሠልጣኛችንን የጨቀጨቅኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ደረሱ። ማዕዱ ቀርቦ "ታጠቡ" ስንላቸው አምበሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "እግዜር ይስጥልን፤ ጽጌን ይዘናል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንቀምስም" አለ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። ካህናትና አሮጊቶች ሲጾሙት አይቻለሁ፤ የኳስ ቡድን በሙሉ ሲጾመው ግን ሰምቼም አላውቅ። ጨዋታው የሚጀመረው ስምንት ሰዓት ነው። አምበሉ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ያሰብኩት ገብቶታል።

ጾመኛን ብላ የሚል የለምና በጉ ድስት ውስጥ ቀረ። ደሜ ፈላ። ከዚያ ጨዋታውን እንዲባርኩ የተጠሩት የቅኔ መምህር ትዝ አሉኝ። አንዴ ማስተማር ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። ቤታቸው ሄጄ ጉልበታቸውን ስሜ "አባ፣ የእስቴ ልጆች ጽጌን እየጾሙ ነው የመጡት" አልኳቸው።

"በዚህ ዘመን? ኳስ ተጫዋች?" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንዲት ቃል አልዋሸሁም። ከእሳቸው ስመለስ ወጥ ሠሪዎቹን "የጾም ወጥ ለዘጠኝ ሰዓት ይድረስ፣ ዘይቱን እንዳትቆጥቡ" አልኳቸው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁለቱም ቡድን ተሰለፈ። አባ መስቀላቸውን ይዘው መሃል ሜዳ ቆሙና ስለ እመቤታችን ስደት፣ ስለ ረሃቧና ጥሟ ያስተምሩ ጀመር። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ላይ ያደርጋል፣ መልሶ ያወርዳል። አባን በፊሽካ የሚያቋርጥ ወንድ ከየት ይመጣል? አምበሉ ሰዓቱን ያያል፣ እኔን ያያል። በመጨረሻ አባ "ልጆቼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በባዶ ሆዳችሁማ አትሮጡም። ማዕድ ይቅረብላቸው" አሉ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድንች ወጡ፣ ጠላው ሜዳው ዳር ተሰናድቶ ነበር። አባ ባርከው ቆርሰው ሰጧቸው። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ያያል።

ጓንቴን አውልቄ አምበሉ አጠገብ ተቀመጥኩ። በደንብ ጠቀለልኩና "በሞቴ" አልኩት። ዓይን ዓይኔን እያየ አፉን ከፈተ። አባ ከኋላዬ ሆነው "ድገምለት ልጄ፣ ጾሞ ነው የዋለ" አሉኝ። ደገምኩለት። ሠለስኩለት። ሰው አጉርሼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጨዋታ አይባልም። የእኛ ልጆች እንዳሻቸው አገቡ። አምበሉ አንድ ጊዜ ብቻ ከእኔ ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኘ፤ መምታት አቅቶት ኳሷን እየገፋት መጣ፣ ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። "ልጨምርልህ?" አልኩት።

ፊሽካው ሲነፋ ጓደኞቼ ወደ ዋንጫው ሮጡ። እኔ እሱን ፈለግኩ። ከግቡ ጀርባ ተንበርክኮ ያስመልሳል። እስኪጨርስ ቆሜ አየሁት። ቀና አለና እጁን ዘርግቶ "ውሃ" አለኝ። ጠርሙሱ እጄ ላይ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ፣ እያየኝ ጨለጥኩት።