ለሆኖሉሉ ሀበሻ የተላከ ዳቦ ቆሎ

ጋሼ ሃይልኣብ እዚህ ካናዳ፣ የታራዴል ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ ተምረው፣ ካልጋሪ ኤርፖርት አስራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ሻንጣ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው፣ ባለፈው ጥር ጡረታ ወጡ። ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ በተራቸው ባዶ እጃቸውን አውሮፕላን ተሳፍረው፣ ሆኖሉሉ የምትባለውን የደሴት ከተማ ጎብኝተው፣ እግራቸውን ባሕር ውስጥ መንከር።

ታዲያ የኛ ሰው መንገደኛ አለ ሲባል ዝም ይላል? እኔው ራሴ ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥሬ፣ በረዶውን እየረገጥኩ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ይያዙልኝ።»

«ሆኖሉሉ ማን አለሽ?»

«ማንም። ላገኙት ሀበሻ ይስጡልኝ።»

«ባይኖርስ?»

«ምን ማለትዎ ነው! ሀበሻ የሌለበት አገር የት አለ?»

ጋሼ አደራ በላ ከሚባሉ ሞት ይመርጣሉ። ተቀበሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በየቀኑ ኮል እያደረጉ ነገሩኝ። የጥንት ነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ገቡ፤ ሰው ሁሉ ዙፋኑን ሲያይ እሳቸው የሰዉን ፊት ያያሉ። የእሳተ ገሞራው ተራራ አናት ላይ ፌስታላቸውን ተሸክመው ወጡ፤ ባሕሩን ትተው ዳገቱን የሚወጣውን ሕዝብ አንድ በአንድ ሲመረምሩ ዋሉ። ሙዚየም ውስጥ አንዱን ጥበቃ «ሰላም ነው ወንድሜ?» ቢሉት የፊጂ ሰው ሆኖ ተገኘ። ደስ ብሎት እጁን ዘረጋ። ጋሼ ግን ፌስታሉን ወደ ኋላቸው ደበቁ፤ አደራው ለሀበሻ ነዋ!

«ባሕሩስ?» አልኳቸው።

«ሺፍት ላይ ነኝ ልጄ፣ መች ብሬክ ወጣሁ?»

እኔ ቂል ሳቅኩ።

በሰባተኛው ቀን፣ በረራቸው ሊደርስ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ደወሉ። ማዕበሉ ይሰማል።

«ፀሐይነሽ፣ ሰውየውን አገኘሁት። ዴሊቨር አድርጌያለሁ።»

«አላልኩዎትም! ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ሽማግሌ ነው። ብቻውን ነው የመጣው። ስንት ዓመት የሰው ዕቃ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ለሱ የተላከ ነገር ግን ተቀብሎ አያውቅም አለኝ።»

በስልኩ ውስጥ ዳቦ ቆሎ ሲቆረጠም ይሰማኛል። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

«እግሩስ ጋሼ?» አልኩ። «ባሕር ነካ?»

«እስከ ጉልበቱ ገብቷል።» ትንሽ ቆረጠሙና፣ «እግዜር ይስጥልኝ በላት ብሎኛል» አሉኝ።