የካቡ ሥር እፉኝት

ጣሊያን መሣሪያ ፍለጋ ጉለሌን ቤት ለቤት በሚበረብርበት ሰሞን ነው። ባሌ ጫካ ገብቷል። ትርፍ ጠመንጃውን ጓሮ ካለው የድንጋይ ካብ ሥር የቀበርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አንድ ረፋድ ላይ አንድ መኮንን ከሐበሻ አስተርጓሚው ጋር ደጄ ቆመ። በእጁ ጠርሙስ ይዟል፤ ውስጡ የሞተ ቡናማ እባብ ተጠቅልሏል።

«ይቺን ታውቂያታለሽ ወይ? ነው የሚልሽ» አለኝ አስተርጓሚው። ለጠላት ማደሩን ሳይ ደሜ ፈላ።

«ራሷ ጠፍጣፋ፣ አንገቷ ቀጭን፣ ሆዷ ወፍራም፤ እፉኝት ናት። የነደፈችውን አታስተርፍም» አልኩት።

«የት ትኖራለች?»

ካቡን አሳየሁት። «እዚያ ድንጋይ ሥር ሞልተዋል። ወንድ ከሆነ ይጠጋ በለው!»

ፈርተው የሚሸሹ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰውየው እባብ ሰብሳቢ ኖሯል! ፊቱ በርቶ፣ ጓንቱን እያጠለቀ ወደ ካቡ ሮጠ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

አስተርጓሚው ግን ቀደመውና ክንዱን እስከ ትከሻው ድንጋዩ መሃል ከተተ። ብረት ቂው ሲል እኔም ሰማሁ። ጣሊያኑ ቀና አለ። እኔም ቀና አልኩ፤ ብሞትም አንገቴን ደፍቼ አልሞትም ብዬ።

ድንገት አስተርጓሚው ጮኸና ጣቱን ጨምድዶ ያዘ። መኮንኑ ደንግጦ፣ ጠርሙሱን እዚያው ጥሎ፣ ወደ ማኪናው ይጎትተው ጀመር።

በአጠገቤ ሲያልፉ ያ አስተርጓሚ እያቃሰተ፣ ቀስ ብሎ በአማርኛ እንዲህ አለኝ፦

«እቴ፣ እፉኝትሽ ዝጋለች። ዘይት ቀቢያት።»