የቀኑ እንክብሎች በዘጠኝ ሰዓት

እናቴ ዳሌዋን የሰበረችው እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ከቤታችን ደጃፍ፣ በሐምሌ ጭቃ ተንሸራታ ነው። ሆስፒታል ገብታ ብረት ተደረገላት። ስትወጣ ትራማዶል የሚባል ማስታገሻ ታዘዘላት፤ ጠዋት፣ ቀንና ማታ አንድ አንድ እንክብል። ፋርማሲስቷ "እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል፤ ሆድም ያደርቃል፤ አልኮል ክልክል ነው" አለችኝ። ለሆዱ ተልባ አለን አልኳት። በአልኮሉ ሳቅሁ። እናቴ አትጠጣም።

መድኃኒቱ ሠራ። መጀመሪያ ያቅለሸልሻት ነበር፤ ኋላ ተዋት። እሷም እኔን ተወችኝ። እኔ የማልጾም ሰው ነኝ፤ ይህንንም በጽሑፍም በአፍም ስከራከርበት ኖሬአለሁ። እናቴ በበኩሏ ሳትወቅሰኝ ያለፈ ጾም የለም። የፍስክ ሳህኔ እንኳ ከሌላው ዕቃ ተለይቶ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ዘንድሮ ግን ፍልሰታ ገብቶ ፊቷ ቁጭ ብዬ እንቁላል ስበላ ዝም አለች።

"ምነው አትሰድቢኝም?"

"ብላ እንጂ" አለች፣ መስኮቱን እያየች።

ቤቱ እንዲህ ሰላም ሆኖ አያውቅም። ድንዛዜዋ ወደ እኔም የተጋባ ይመስለኛል። እነሣለሁ፣ ተልባ እበጠብጣለሁ፣ አንድ ገጽ ደጋግሜ አነባለሁ፣ ይመሻል።

አልጋ ላይ ሆናም እንደምትጾም አውቅ ነበር። ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ውኃ እንኳ አትቀምስም። እንክብሉን ወሰድሽ ወይ ስላት "እንዴታ" ትላለች፤ ማሸጊያውም እንደሚገባው እየጎደለ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ከሮብ ገበያ ከተማ የመጣችው እህቷ ጠይቃት እንደወጣች፣ ሻይ ይዤላት ብገባ አልነቃ አለችኝ። ትከሻዋን ነቀነቅሁ፤ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ከደነችው። ከንፈሯ ጠቁሯል። ትተነፍሳለች፣ ትተወዋለች፤ በቃ አለቀ ስል ደግሞ አንድ ትተነፍሳለች። ከጎረቤት ጋር ተሸክመን ባጃጅ ውስጥ አስገባናት። ሾፌሩ በየጉድጓዱ "አይዞህ ጋሼ፣ አይዞህ ጋሼ" ይለኛል። የሚያጽናናው ነገር አልነበረም። ምንም አልተሰማኝም። እንክብሉን የዋጥኩት እኔ እመስል ነበር።

ሐኪሙ የዓይኗን ብሌን በባትሪ አይቶ ምን እንደወሰደች ጠየቀኝ። ነገርኩት።

"አረቄስ ቀምሰዋል?"

"እናቴ አትጠጣም።"

ኦክስጅን አደረጉላት። በማግስቱ ጠዋት ነቃ ስትል ራሷ ለሐኪሙ አስረዳችው።

"ጠዋትና ቀን ጾም ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጠዋቱንም የቀኑንም ከማታው ጋር አብሬ እውጣለሁ። አንድም አላጓደልኩ።"

"ማን እንዲህ ያድርጉ አለዎት?"

"ጸሎትም ሲያመልጠኝ አንድ ላይ ነው የማደርሰው።"

"አረቄስ?"

"አረቄ አልጠጣም። ትናንት እህቴ ለብርዱ ብላ አንድ መለኪያ ሰጠችኝ እንጂ።"

"እሱ መጠጣት አይደለም እንዴ?"

"ለብርዱ ነው አልኩህ እኮ!"

ሐኪሙ አልሳቀም። ያመለጠ እንክብል አመለጠ ነው፣ በሚቀጥለው ላይ አይደረብም አላት። ሲደራረብ፣ አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ፣ ትንፋሽን እያዘገመ ሊያቆመው ይችላል። መጠኑንም ቀነሰላት።

ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ "አየህ፣ ጾሙ ነው የጎዳት፤ አንተ ስትለው የኖርከው ነው" አሉኝ። ሰው ከእኔ ጋር ሲስማማ ስለማልወድ ብቻ አይደለም እምቢ ያልኩት። እናቴ መድኃኒቱን አልናቀችም። እንደ ቀኖና ነው ያከበረችው፤ ቀኖና ደግሞ ካለፈ ይካካሳል። ብትንቀው ኖሮ ሁለቱን ትታ አንዱን ትውጥ ነበር፤ ሆስፒታልም ባልተመለሰች።

ስለዚህ የንስሐ አባቷን ጠራሁ። እኔ ቄስ ስጠራ ያየ ጎረቤት ሞተች ብሎ ነጠላውን እያጣፋ መጣ። ቄሱ በዕድሜ ከእኔ እንኳ ያንሳሉ፤ እሷን ግን "ልጄ" ይሏታል።

"ልጄ፣ የታመመ አይጾምም። እንክብሉን በሰዓቱ ትውጫለሽ፤ እህልም ትቀምሻለሽ።"

"ውኃው ይበቃኛል፣ አባቴ።"

"እህልም ብያለሁ። የፈታሁሽ እኔ ነኝ፤ ኃላፊነቱም የእኔ ነው።"

"እሱ ነው ያስጠራዎት" አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እየጠቆመች። "ይኸው ደስ ብሎታል።"

ደስ አላለኝም። ጠዋት ጠዋት እንጀራ በሽሮ ቆርሼ አቀርብላታለሁ፤ ጥቂት ጎርሳ እንክብሏን ትውጣለች፤ እኔን ግን አታየኝም።

እንክብሎቹ አሁን እኔ ኪስ ውስጥ ናቸው። መጠኑ ስለተቀነሰ ሕመሙ ከሰዓቱ ቀድሞ ይመጣል። ትናንት ረፋድ ላይ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ ጠራችኝ።

"አንዷን ጨምርልኝ።"

"ሰዓቱ አልደረሰም።"

"አንተ ብሎ ሰዓት ጠባቂ! እህል እያለ ሰዓት የሚቆጥር ሞኝ ነው ስትለኝ አልኖርክም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ስጠኛ!"

"አልደረሰም፣ እማዬ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የአልጋውን ጠርዝ ግን አለቀቀችም። ማሸጊያው ኪሴ ውስጥ አለ፣ እጄም ላዩ ላይ ነው። አላወጣሁትም። ወንበሬን አስጠግቼ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ።