የጣሊያኑ ጠረጴዛ

በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት፣ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ አናጢ ነበርኩ። አለቃችን አንድ ረጅም ጣሊያን ነበር። እኛ የዚያው አገር፣ የቀወት ሰዎች እንጨት የምንጠርበው መሬት ላይ ተቀምጠን፣ በሁለት እግራችን መሃል ይዘን ነው፤ ሞፈሩም ቀንበሩም የሚሠራው እንደዚያ ነው። እሱ ይህን ሲያይ ደሙ ይፈላ ነበር። «እግር መቆሚያ ነው!» እያለ በተሰባበረ አማርኛ ይጮህብኝና እንጨት ጨምቆ የሚይዝ ሞርሳ ወደተገጠመለት ጠረጴዛ ይጎትተኛል።

እዚያ ቆሜ ያለ ምስማር ሣጥን መግጠም ተማርኩ። የአንዱን ሳንቃ ጫፍ ሥሩ ጠበብ፣ አናቱ ሰፋ ባለ ጥርስ ቅርጽ እቆርጥና ከሌላው ጋር አቆላልፈዋለሁ። ግጥም ይላል። ይህን አልክድም።

ጣሊያን ሲወጣ ጠረጴዛውን ፈታትቼ በግመል ጭኜ ቤቴ አስገባሁት። ለእሱ ቁመት የተሠራ ስለነበር ከእምብርቴ በላይ ሆነብኝ። እግሮቹን አንድ ስንዝር ቆረጥኩ። አሁንም ወገቤን አልተመቸኝም፤ ደግሜ ደጋግሜ ቆረጥኩ። በዓመቱ ጠረጴዛው ከጉልበቴ በታች ወረደ። ያን ጊዜ ተቀመጥኩበትና ሳንቃውን በእግሬ ይዤ ያንኑ ጥርስ መቁረጥ ጀመርኩ።

ያ ሁሉ ጩኸት ቀጥ አድርጎ ሊያቆመኝ ነበር። ጥሩ መቀመጫ ሠርቶልኝ ሄደ።