ወረቀቱን የነከርኩ ዕለት

የልጅ ልጄ ትናንት ከኬጂ ስትመለስ ቦርሳዋ ቀይና አረንጓዴ ወረቀት ሞልቶታል። ለገና መስኮት ላይ የሚሰቀል ሥራ ሠርታችሁ ኑ ተብለዋል፤ ወረቀቱ በቀጭን በቀጭኑ ተቆርጦ እንደ ምንጣፍ ይጠላለፋል። «እማማ፣ አንቺ ትችያለሽ አይደል?» አለችኝ። እናቷ ጫልቱ ከጓዳ ሆና፣ «ትችላለች፤ ብቻ ውሃ እጇ እንዳይገባ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ግን ከሩቅ የመጣ ነው፤ ቡራዩ በጢስ ታፍና ከዋለችበት ቀን።

ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር በተነሳበት ዓመት ነው። ስለ ካርታው ብዙም አላውቅ፤ ትምህርቴ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈም። የማውቀው፣ ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው እያለ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ተማሪውም አደባባይ መውጣቱን ነው። ባለቤቴ ዱከም ፋብሪካ ይሠራል፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ልጄ ጫልቱ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች። በጠዋት «ዛሬስ ቅሪ» ብላት፣ ፈተና አለብኝ ብላ ወጣች። ፈተና ይሁን ሌላ፣ እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ቤት የቀሩት ትንሹ ልጄ ገመቹና የጎረቤታችን የጋሽ ከድር ልጆች፣ ሰሚራና ሙኒር ነበሩ። ጋሽ ከድር አስፋልቱ ዳር ሱቅ አላቸው። ባለቤታቸው አራስ ስለነበረች ልጆቹ እኔ ዘንድ ነበር የሚውሉት። ረፋዱ ላይ የአምቦ መንገድ ተዘጋ። የተቃጠለ ጎማ ሽታ በበሩ ሥር ገባ። ስልክ ብሞክር ኔትወርክ የለም። ከዚያ ተኩስ ተሰማ።

«ርችት ነው» አልኳቸው።

«ጥይት ነው» አለች ሰሚራ፣ ስድስት ዓመት እንኳ ያልሞላት።

ወጥቼ ልጄን ልፈልግ እላለሁ፤ እነዚህን ለማን ጥዬ? እስከ በሩ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ሙኒር ቀሚሴን ይዞ አብሮኝ ይመላለሳል። እጄ ሥራ ካልያዘ ልቤ አይቀመጥም። እናም ያለፈውን ዓመት ካሌንደር ከግድግዳ አወረድኩ፣ የደብተር ሽፋን ሰበሰብኩ፣ ገመቹ ከኬጂ የታዘዘውን የገና ሥራ እንሥራ ብዬ በመቀስ መቁረጥ ጀመርኩ።

እንግዲህ እኔ የሰፌድ ስፌት ከልጅነቴ የለመድኩ ነኝ። አክርማ ሳይነከር አይሰፋም፤ ደረቁ ይሰበራል። ጆሮዬ ውጭ ነው፣ እጄ ግን የለመደውን ያደርጋል። የተቆረጠውን ወረቀት ሁሉ ሰብስቤ ሳፋ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ላወጣው ብል እንደ ገንፎ ተልፈሰፈሰ። የካሌንደሩ ቀይ ቀለም እጄን እስከ አንጓዬ አቀላው።

ልጆቹ ትክ ብለው አዩኝ።

«እማዬ፣ ወረቀቱን አጠብሽው እንዴ?» አለ ገመቹ።

መጀመሪያ ሰሚራ ሳቀች፤ ሙኒርም ምን እንደሚያስቅ ሳይገባው መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔም እንባዬ እየመጣ ሳቅሁ። ከቀረችው ወረቀት እንደገና ቆረጥን። ሰሚራ አስተማሪ ሆነች፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ በሚቀጥለው ደግሞ ተቃራኒውን። መሀል ላይ ቆም ብላ፣ ገና የእኛ በዓል አይደለም እኮ አለች። ገመቹ አፉ ቆሎ እንደሞላ፣ «እኛስ በኢድ ብስኩታችሁን በልተን የለ?» አላት። ነገሩ በዚያ አለቀ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጓሮው አጥር ተንኮሻኮሸ። ጋሽ ከድር ናቸው፤ ከኋላቸው ጫልቱ፣ አንድ እግሯ ባዶውን። ተማሪዎቹ ከተኩሱ ሲሯሯጡ ሱቃቸው በር ላይ አግኝተዋት፣ አስገብተው ቆልፈው፣ ከስኳር ጆንያ ኋላ ደብቀዋት ውለዋል።

«የእኔዎቹ አንቺ ጋ መሆናቸውን እያሰብኩ ልቤ አረፈ» አሉኝ፤ «የአንቺዋ እኔ ጋ መሆኗን ልኬ የማስነግርሽ ሰው አጣሁ እንጂ።»

እጄን ዘርግቼ ልጄን ወደ እኔ ሳብኳት። ጫልቱ እጄን አይታ ፊቷ ተለወጠ።

«እማዬ፣ ደም ነው?»

«ካሌንደር ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ዕቅዱ ቀረ ተባለ። የእኔ ፍርሃት ግን በአዋጅ የሚቀር አልሆነም፤ ዛሬም መንገዱ ጭር ሲል በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ትናንት ማታ ትንሿ ጠላለፈች፣ እኔ በደረቅ እጄ ቆረጥኩላት፣ ጫልቱ ሙጫ ቀባች። ሁለት ወጣው። አንዱ መስኮታችን ላይ ተሰቀለ። ሌላውን ትንሿ ዛሬ ጠዋት «ለእነ ሰሚራ» ብላ ይዛ በጓሮው በኩል ሮጠች። እስክትመለስ ያው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት፤ በሩን ክፍት አድርጌ።