የቀለጠው በራድ

ሽማግሌው ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ዝናቡ እያካፋ በታይፒንግ ከተማ ገበያ አጠገብ ወዳለው የሲው ፎንግ መጠገኛ ሱቅ ገቡ። ከፎጣ ውስጥ አንድ የሻይ በራድ አወጡ። ፒውተር ከሚባለው ለስላሳ ብርማ ብረት የተሠራ ነው፤ ቂጡ ቀልጦ ወርዷል። እሳቸው ግን ከፎጣው ሾልኮ ያረፈበትን የዝናብ ጠብታ በመሐረባቸው ቀስ አድርገው፣ ሳይፈትጉ ማድረቅ ያዙ።

«አባባ፣ ይኼ እኮ እሳት አይችልም» አለች ሲው ፎንግ። «ማን ነው የጣደው?»

«ባለቤቴ ናት። ‹እሳት አታስጠጋው፣ በለብታ ውሃ እጠበው፣ በሽቦ አትፈትገው› እያለች ዕድሜዬን ሙሉ ስትጨቀጭቀኝ የኖረችው እሷው ነበረች። አሁን አሁን ሁሉም ይጠፋባታል።»

ሲው ፎንግ በራዱን አገላብጣ አየችው።

«አይጠገንም አባባ። ባለቤትዎ ባዩት ቁጥር እንዳይከፋቸው እዚሁ ልጣለው?»

«ኧረ ተይው ልጄ» አሉ በራዱን ወደ ደረታቸው ስበው። «ያቀለጥኩት እኔ ነኝ ብያታለሁ። ስሜን ጠርታ ተቆጣችኝ። ስሜን ከጠራችኝ ስንት ጊዜ ሆነ መሰለሽ!»

ፎጣውን መልሰው እየጠቀለሉ፣ «ዛሬም አሳያታለሁ» አሉ።