ፍሬ፣ እኔና የስዊድኗ እናታችን

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ደግመው ሲደውሉልኝም «ፍሬ? የትኛዋ ፍሬ?» አልኩ፣ ሌላ ፍሬ የማውቅ ይመስል።

የኳየራችን ፍሬሕይወት ዛሬ ጠዋት አረፈች። መታመሟን ሰምተን ነበር። ይሄን ያህል መሆኑን ግን ለማናችንም አልተነፈሰችም።

ከጠዋት ጀምሮ ፌስቡኩ «መልአክ ነበረች»፣ «እህቴ ነበረች» በሚል ተሞልቷል። እኔም እንደዛ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ፍሬ ላይ ስቀና ነው የኖርኩት። አሁን እንኳን «የልብ ጓደኛዬ» ብለው የጻፉትን ሰዎች ሳይ ቀናሁ።

ለማታውቁን፣ ሁለታችንም የካዛንቺስ ልጆች ነን። ሰፈራችን ሳይፈርስ በፊት አንድ ግቢ ነው ያደግነው። በወጣት ማዕከሉ ኳየር ጎን ለጎን ቆመን እንዘምር ነበር። ሶሎ ሲመጣ እሷ አንድ እርምጃ ወደፊት ትወጣለች፣ እኔ ከኋላ አጅባለሁ። ሁልጊዜ።

ከዛ ኳየሩ ስዊድን ተጋበዘ። አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። ሆቴል ምናምን የለም፣ ሁለት ሁለት ሆነን በየሰዉ ቤት ተመደብን። ለእኔና ለፍሬ ኢንግሪድ የምትባል፣ ልጆቿ አድገው ከቤት የወጡላት ሴትዮ ደረሰችን።

የመጀመሪያው ቀን እራት ድንችና ዓሣ ነበር፣ ሽታው ምራቅ የሚያስውጥ። እኔ ለወጉ አንዲት ድንች አወጣሁ። ኢንግሪድ ሳህኑን አስጠግታልኝ «ትጨምሪያለሽ?» አለች። እናቴ «ሰው አገር ሄደሽ እንዳታዋርጂኝ» ብላ የላከችኝ ልጅ ነኝ። «አይ፣ በቃኝ» አልኩ። ማለቴ፣ ወጉ እንደዛ ነዋ! አንዴ እምቢ ትያለሽ፣ ሁለቴ እምቢ ትያለሽ፣ «በሞቴ» ስትባዪ ትበያለሽ። ኢንግሪድ ግን «እሺ» ብላ ሳህኑን አነሳችው። በቃ፣ አነሳችው።

ፍሬስ? ተጠይቃ ሳታበቃ «እሺ!» ብላ ሁለት ሳህን ጨረሰች። ክፍላችን ገብተን እኔ እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ ስቆረጥም፣ እሷ አልጋዋ ላይ ተንከባልላ ሳቀችብኝ። «እሺ ብትዪ አትሞቺም!» አለችኝ። ይቺ አባባል የእሷ ነበረች። ለሥራ፣ ለጉዞ፣ ለባል ሳይቀር እሷኑ ነበር የምትለኝ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ኢንግሪድ ፍሬን ልጇ አደረገቻት። የሴት ልጇን ቀይ ካፖርት ሰጠቻት። ለእኔ ካልሲ። ጥሩ ካልሲ ነው፣ ወፍራም፣ ግን ካልሲ ነው። ኤርፖርት ስትሸኘን እኔን አቀፈችኝ፣ ፍሬን አቅፋ አለቀሰች። በዓመቱ ደግሞ ፍሬን ብቻዋን ጋበዘቻት። ያኔ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያልኩ ሦስት ወር ሙሉ ዘጋኋት። ሥራ አልነበረኝም።

አንድ ነገር ብቻ ነበረችኝ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ኢንግሪድ ገበታ ላይ እኔን ሦስት ጊዜ ትጠይቀኝ ነበር። «ራሄል፣ ትንሽ? ራሄል፣ እባክሽ? ለኔ ስትዪ?» ፍሬን አንዴ ብቻ ነው የምትጠይቃት። ይቺን ይዤ ስንት ዓመት እንደተጽናናሁ አትጠይቁኝ። በተገናኘን ቁጥር «ካፖርቱን ላንቺ ትስጥሽ እንጂ፣ የምትሳሳው ለኔ ነው» እላታለሁ። ፍሬም ትስቅና «እውነትሽን ነው፣ አንቺን ነው የምትወደው» ትለኛለች።

ለኢንግሪድ መርዶውን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ከደምበል ወደ ጎተራ፣ ወደ ለቅሶ ቤቱ ስሄድ ታክሲ ውስጥ መልሷ ገባ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ፍሬ ብቻዋን ወጥ ቤት መጥታ እንዲህ አለችኝ ይላል፦ «ራሄል አልፈልግም ስትልሽ እውነቷ አይምሰልሽ። እኛ አገር ሦስት ጊዜ ነው የሚጠየቀው። እኔ እንደነገርኩሽ ግን እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች።»

መጀመሪያ አላለቀስኩም። ተናደድኩ። የኔ የምላት ያቺ ሦስት ጊዜ መጠየቅ ብቻ ነበረች፣ እሷም የፍሬ ሆና ትገኝ? አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሶፍት ሲዘረጉልኝ ነው እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅኩት። «አይ፣ ይቅር እማማ» አልኳቸው። «ያዢ እንጂ ልጄ!» ብለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ፍሬ፣ ከዚህ በኋላ ላንቺ ነው የምጽፈው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደወልሽልኝ። «ኢንግሪድ ልትመጣ ነው፣ እኔ ጋ ነው የምታርፈው፣ አብረን እንቀበላት» አልሽኝ። «እኔ ጋ» ስትዪ ቀናሁና ሥራ አለኝ አልኩሽ። «እሺ በያ ራሂ፣ አትሞቺም» አልሽኝ። አይመቸኝም አልኩ። ድምፅሽ ደክሞ ነበር። «በቃ ሌላ ቀን እደውልልሻለሁ» ብለሽ ዘጋሽው።

እኔ እኮ ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነበር። ሦስተኛው ላይ እሺ ልልሽ ነበር። ከማንም በላይ አንቺ ታውቂያለሽ።

የኢንግሪድ መልእክት መጨረሻ ላይ «አሁንም ልምጣ?» ይላል። ወዲያው እሺ አልኳት። እኔ ጋ ነው የምታርፈው፣ አልጋዬን እለቅላታለሁ። ቀኑን ሙሉ ስላንቺ ብቻ እንደምታወራኝ አውቃለሁ። እቀና ይሆናል፣ ግን ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ።

ለሦስተኛው አትድከሚ ፍሬዬ። እሺ ብያለሁ። ደህና ሁኚ።